ታንከሩን ማራገፍ ብቻ ፓምፑን ከውርጭ አያድንም

ሰላም ወገኖች። ሚኒሶታና ዴንቨር በቫን እየዞራችሁ መኪና ለምታጥቡ አንድ እርማት አለኝ። «ማታ የታንከሩን ውሃ ካፈሰስክ በቃ፣ ሌላው ምንም አይሆንም» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅን ልብ እንደተባለ አውቃለሁ፤ ግን ልክ አይደለም።

እንደውም ታንከሩ መጨረሻ ላይ ነው በረዶ የሚሆነው። 400 ሊትር ውሃ እስኪረጋ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ቀድማ በረዶ የምትሆነው ፓምፑ፣ ፊልተሩና መርጫ ሽጉጡ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ውሃ ናት። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። መፈናፈኛ ካጣ የፓምፑን ብረት ይሰነጥቃል። በረዶው ሳይቀልጥ ደግሞ ስንጥቁ አያፈስም። ደንበኛ በር ላይ ቆማችሁ ስታስነሱት ነው ጉዱ የሚወጣው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ታንከሩን ካራገፋችሁ በኋላ ከስር ባልዲ አስቀምጡና የፊልተሩን ክዳን ፍቱ። የውሃ ጎማውንም ከፓምፑ ነቅላችሁ ጫፉን ዝቅ አድርጉት። የሚወርደውን ውሃ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ስለዚህ በኮምፕሬሰር አየር ንፉና አስወጡት። ካልሆነም ለካምፕ መኪና ቧንቧ የሚሸጠውን፣ «ፕሮፒሊን ግላይኮል» የሚል የተጻፈበትን ሮዝ አንቲፍሪዝ (በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ፈሳሽ) ፓምፑ ይሳበው። ከሽጉጡ ሮዝ ሆኖ ሲወጣ አጥፉት። አደራ፣ የመኪና ሞተር አንቲፍሪዝ እንዳትጨምሩበት። አብዛኛው መርዛማ ነው፤ በማግስቱ ደንበኛው ግቢ ውስጥ ሲፈስ ውሻ ሊልሰው ይችላል።