ለማጣራት የሚቀለውን ሥራ ስጡት

እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ለፌዴራል ፍርድ ቤት ባቀረቡት ጽሑፍ ከጠቀሷቸው የቀድሞ ውሳኔዎች በርካቶቹ ፈጽሞ ያልተሰጡ ሆነው ተገኙ። ለጥያቄ በጽሑፍ መልስ የሚሰጠው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቻትጂፒቲ የፈጠራቸው ነበሩ። አንደኛው ጠበቃ ከውሳኔዎቹ አንዱ እውነተኛ መሆኑን መልሶ የጠየቀውም ራሱን ቻትጂፒቲን ነው፤ አዎ ተባለ። ቅጣቱ 5,000 ዶላር ሆነ።

ብዙዎች ከዚህ ተነስተው «እንግዲያው ይቅርብን» ይላሉ። እኔ ግን ስህተቱ የተሠራው ሥራው ሲመረጥ ነው ባይ ነኝ። እንደ ቻትጂፒቲ ያለ የቋንቋ ሞዴል የሚጽፈው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ነው፤ ሲያውቅም ሲስትም አንደበቱ ያው ነው። ሰው ያልተረዳውን ሲናገር ይንተባተባል፣ እኛም በዚያ እንለየዋለን። እዚህ ያ ምልክት የለም።

ስለዚህ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መልሱን ማጣራት ሥራውን ራሴ ከመሥራት ይቀላል? የጠፋኝን ቃል ትርጉሙን ነግሬ እንዲፈልግልኝ ሳዘው፣ ሲያመጣው ወዲያው አውቀዋለሁ። የተንዛዛ ደብዳቤዬን ሲያሳጥር፣ ማለት የፈለግሁትን ስለማውቅ ያዛባውን አያለሁ። ከሁሉ የሚጠቅመኝ ግን ሙግት ነው። ክርክሬን ሰጥቼ «አፍርሰው» እለዋለሁ። ከሚደረድራቸው ተቃውሞዎች አብዛኞቹ ውኃ አያነሱም፤ አንብቦ መጣል ግን ጊዜ አይፈጅም፣ አንዱ ልክ ከሆነም ጽሑፌ ከእፍረት ይድናል።

አስቸጋሪው ነገር፣ ሰው የሚጠይቀው ባብዛኛው የማያውቀውን መሆኑ ነው። የመድኃኒት መጠን የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚመዝንበት ሚዛን በእጁ የለም። ለዚህም ነው ድርጅቶች ቻትቦትን፣ ማለትም እንዲህ ያለውን መልስ ሰጪ ፕሮግራም፣ በቀጥታ ከደንበኛ ፊት ሲያቆሙት የምቃወመው። የካናዳው አየር መንገድ ኤር ካናዳ ዘመድ ለሞተበት ተጓዥ የሚሰጠውን ቅናሽ በተመለከተ ቻትቦቱ አንድን ደንበኛ አሳስቶት ነበር። አየር መንገዱ ተጠያቂ አይደለሁም ብሎ ቢከራከርም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የካናዳዋ ክፍለ ሀገር የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዳኝነት አካል ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ካሣ እንዲከፍል ወሰነበት። ያው ቻትቦት መመሪያውን በሚያውቅ ሠራተኛ እጅ ረቂቅ መልስ አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ፣ ሠራተኛው ስህተቱን አርሞ ይልከው ነበር። ሐዘን ላይ ያለው መንገደኛ ግን በምን ሊያርመው ይችል ነበር?