ቀርፋፋ ነው? የስልኩን ትዕይንት እንደገና እዩት

አንድ ጸሐፊ የዋተርጌትን ቅሌት ስላጋለጡ ሁለት አሜሪካውያን ጋዜጠኞች ስለሚተርከው ፊልም፣ ስለ «ኦል ዘ ፕሬዝደንትስ ሜን» (እ.ኤ.አ. 1976) ሲጽፍ ተኩስ የለ፣ መኪና ማሳደድ የለ፣ ፊልሙ ይንቀራፈፋል ብሏል። እኔ አልስማማም። ከጋዜጠኞቹ አንዱን የሚጫወተው ሮበርት ሬድፎርድ ስልክ የሚደውልበትን ቦታ አስታውሱ። ስድስት ደቂቃ ያህል ሳይቆረጥ የሚሄድ ቀረጻ ነው። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ፊቱ ይጠጋል። ከኋላው ባልደረቦቹ ቲቪ ከበዋል። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ማስታወሻው ላይ ይሞነጫጭራል። ነገሩ የ25,000 ዶላር ቼክ ነው። ለፕሬዝዳንት ኒክሰን የምርጫ ዘመቻ የተሰጠ ገንዘብ፣ ዋተርጌት ሕንጻ ውስጥ ያለውን የተቃዋሚ ፓርቲ ቢሮ ሰብረው ከገቡት ሰዎች በአንዱ የባንክ ሒሳብ ምን ይሠራል? መጨረሻ ላይ ሬድፎርድ ስም ተሳስቶ ይጠራል። እንዳለ ተውት፤ ደግ አደረጉ። ጋዜጠኛም እኮ ምላሱ ይተሳሰራል!

በር ማንኳኳቱንም አትርሱ። አንድ ምንጭ ለማናገር ስንቱ ፊታቸው ላይ ይዘጋባቸዋል። ደግሞ የሚያወራው ሰው ፈርቶ ነው የሚያወራው፣ ግማሹን በዓይኑ። ከዚህ በላይ ምን ልብ ይሰቅላል?

እኔ ቅሬታዬ ሌላ ነው። ኒክሰን በቲቪ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ሁለቱ ጋዜጠኞች ታይፕ እየመቱ ናቸው። አሪፍ። ከዚያ ግን ቴሌታይፑ፣ ዜና የሚያትመው ማሽን፣ እስከ ነሐሴ 1974 (እ.ኤ.አ.) ያለውን፣ የፕሬዝዳንቱን ሥልጣን መልቀቅ ጨምሮ፣ ቀጭ ቀጭ አድርጎ በአንዴ ይጨርሰዋል። ትንሽ መንቀራፈፍ የነበረበት እዚያ ጋ ነበር።