እርማት፦ «ማማ» እናቱ አይደለችም

«የሮክ ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን ‹ማማ አይም ካሚንግ ሆም› (‹ማማ፣ ወደ ቤት እየመጣሁ ነው›) የተባለውን ዘፈን የዘፈነው ለሟች እናቱ ነው» ብለው የጻፉ አሉ። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ስሕተት ነው። «ማማ» ኦዚ ሚስቱን ሻረንን የሚያቆላምጥበት ስም ነበር። በመስከረም 1984 ዓ.ም. በወጣው አልበም ውስጥ ያለው ይህ ዘፈን ወደ እርሷ ስለ መመለስ ነው። ግጥሙን ደግሞ የጻፈው ሞተርሄድ የተባለው የሮክ ባንድ ዘፋኝ ሌሚ ነው። ሌሚ ለዚያ አልበም የጻፋቸው አራት ግጥሞች ከራሱ ባንድ የዓመታት ድካም የበለጠ ገንዘብ እንዳስገኙለት ይናገር ነበር (ሲያሳዝን!)። የስንብት መልክ የያዘው ኋላ ነው፦ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ኦዚ በትውልድ ከተማው በርሚንግሃም ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነው፤ በ17ኛው ቀን ዐረፈ። ያንን ያየ ቢያለቅስበት አልፈርድም።