ኦሪጅናሉን አብራችሁ አምጡ

ባለፈው የፎቶ ክበባችን ውድድር አንደኛ የወጣው የጢስ ዓባይ ፎቶ ነበር። ያማረ ፎቶ ነው። ፏፏቴው ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፣ ውሃው ደፍርሶ ይንደረደራል፣ ጢሱ ወደ ላይ ይትጎለጎላል። ሁላችንም አጨበጨብን። ቤቴ ገብቼ ደግሜ ሳየው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከፏፏቴው ፊት ለፊት ያለው ሣር ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ሣሩ የካቲት ነው፣ ውሃው ነሐሴ።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው፤ አብዛኞቻችን ስንት ጊዜ ሄደንበታል። በክረምት ደለል ተሸክሞ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፣ በጋ ሲገባ ይቀጥናል፣ ይጠራል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃውን ከሐይቁ በቀጥታ ወደ በለስ መውሰድ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በበጋ ያንን የቀጠነውን እንኳ ብዙ ጊዜ አናየውም፤ ጥቁሩ ዓለት ገጦ ይቆያል። ጓደኛችን ሁለት ፎቶ አጋጥሞ ነው። ስጠይቀው አልደበቀኝም። «አዎ፣ ኤዲት ነው፤ ማን ከለከለ?» አለኝ። ልክ ነው። ደንባችን ውስጥ ይህን የሚከለክል አንድ መስመር እንኳ የለም።

ለዚህ ነው የምጽፈው። እሱን ለመክሰስ አይደለም። ክበባችን ውድድር ሲያዘጋጅ ኤዲት ከተደረገው ፎቶ ጋር ኦሪጅናሉን፣ ማለትም ከካሜራው እንደወጣ ያልተነካውን ፋይል፣ መጠየቅ አለበት ብዬ ስለማምን ነው።

ኤዲት የምጠላ ሰው አይደለሁም። ካሜራ እንደ ዓይናችን አያይም። የጥምቀት ዕለት ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት ፀሐይ ላይ አንሱ። ካሜራው በነጠላው ብርሃን ይታለልና ፊቷን ያጨልመዋል። ፊቷን ላብራ ካላችሁ ደግሞ ነጠላው ይቃጠላል፤ ሽመናው ይጠፋል፣ ጥለቱ ይገረጣል፣ ባዶ ነጭ ወረቀት የለበሰች ይመስላል። መፍትሔው ሲያነሱ ነጠላውን መጠበቅ፣ ፊቱን ደግሞ በኋላ በኤዲት ማውጣት ነው። ሻዶውን (ጨለማውን ክፍል) ቀስ አድርጎ ከፍ፣ ሃይላይቱን (በጣም የበራውን ክፍል) ትንሽ ዝቅ። ጥላ ውስጥ ካነሳችሁ ነጠላው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን ማስተካከያ) እዚያው ነጠላው ላይ ነክታችሁ አስተካክሉ፣ ፊቷም አብሮ ይመለሳል። ይሄ ውሸት አይደለም። ቦታው ላይ ቆመን ያየነው ፊት ያ ስለሆነ ነው።

ሮው (ካሜራው የያዘውን መረጃ ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ ጥሬ ፋይል) አንሱ እያልኩ የምጨቀጭቀውም ለዚሁ ነው። ጄፔግ፣ የተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ይይዛል፣ ባለ 14 ቢት ሮው ግን 16,384። ጨለማ ውስጥ የተቀበረ ፊት ከጄፔግ ላይ ስታወጡ ይበላሻል፣ ይዥጎረጎራል፤ ከሮው ላይ ግን ቆዳው ቆዳ ሆኖ ይወጣል። ስልክ ብቻ ያላችሁም አትቅሩ። የላይትሩም የስልክ መተግበሪያ በሚችሉ ስልኮች ላይ በሮው ያነሳል፣ ስናፕሲድ የሚባለው የኤዲት መተግበሪያ ደግሞ በነፃ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ መስከረም ላይ አደይ አበባ ስታነሱ ሳቹሬሽኑን (ቀለሙን ሁሉ እኩል የሚያደምቀውን ማስተካከያ) እስከ ጥግ አትግፉት። ቢጫው ድፍን ይላል፣ አንዱ አበባ ከሌላው አይለይም፣ ሜዳው ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ቫይብራንሱን ሞክሩ። የደበዘዘውን ያነሳል እንጂ ድሮም የደመቀውን ያን ያህል አይነካም።

ድንበሩ የት ጋ እንደሆነ ያስተማሩኝ አዴት ገበያ ላይ ያነሳኋቸው አንዲት እናት ናቸው። ፊታቸው የሚገርም ነበር፤ ሽብሽቡ፣ አንገታቸው ላይ በረድፍ የወረደው ንቅሳት። ማታ ቆዳ የሚያለሰልስ መተግበሪያ ውስጥ ከተትኩትና አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ንቅሳቴን የት አደረግኸው?» አሉኝ። መተግበሪያው ንቅሳቱን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ጠርጎታል። መልስ አልነበረኝም። በሳምንቱ ያልተነካውን አሳጥቤ አመጣሁላቸው።

ይሄ ነገር የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ወደ ውድድራችን የሚመጡትን የሰው ፎቶዎች እዩ። ጠይሙ ሁሉ ቀይ ሆኗል። የእንጅባራ ፈረሰኛ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሰው አይመስልም፣ የባላገሩ እጅ ላይ ስንጥቅ የለም። የገዛ አባቶቻችንን ፊት እንደ ጉድለት እያረምን ነው፤ ዳኞቹም ለእንዲህ ዓይነቱ ፎቶ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ምክንያቱም ከምን ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ አላዩም።

ሌላው ዓለም ይህን መንገድ አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ፣ በዓለም አቀፉ የዜና ፎቶ ውድድር፣ አንድ አሸናፊ ሽልማቱን የተነጠቀው ከፎቶው ላይ የሰው እግር ጫፍ ስላጠፋ ነው። በ2015 ደግሞ ወደ መጨረሻው ዙር ከተቃረቡት ፎቶዎች 20 በመቶ ያህሉ ከኦሪጅናላቸው ጋር ሲተያዩ ወደቁ። በ2023 ቦሪስ ኤልዳግሰን የተባለ ጀርመናዊ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠራውን ምስል ወደ ሶኒ ወርልድ ፎቶግራፊ ውድድር ልኮ አሸነፈና ሽልማቱን ራሱ አልቀበልም አለ። እነዚያን የመሰሉ ዳኞች በዓይናቸው ብቻ ካልለዩት፣ የእኛ ዳኞች ቅዳሜ ከሰዓት ሻይ ቤት ቁጭ ብለው በስልክ እንዴት ይለዩታል?

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ኦሪጅናሉ ከሁሉም ሰው አይጠየቅ፤ ለመጨረሻው ዙር ያለፉት ይበቃሉ። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፣ አለበለዚያ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ መቼና በምን እንደተነሳ የሚናገረውን መረጃም ያጠፋዋል። ፎቶው የተነሳው በጄፔግ ከሆነ ከፊቱና ከኋላው የተነሱት ፍሬሞችም (ፎቶዎችም) አብረው ይምጡ። መቁረጥ፣ ብርሃንና ቀለም ማስተካከል፣ ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር፣ ሌንስ ላይ የነበረ አቧራ ማጥፋት ይፈቀድ። መጨመር፣ መቀነስ፣ ሰማይ መቀየር፣ ፊት ማንጣት አይፈቀድ።

«ጥበብ ነው፣ ነፃነት ያስፈልጋል» የሚሉኝ አሉ። እስማማለሁ፣ ለእነሱ የራሳቸው ዘርፍ ይከፈትላቸው። እዚያ ዓባይን ወደ ላይ ቢያፈሱትም እኔ የመጀመሪያው አጨብጫቢ ነኝ፤ የተሠራ መሆኑ ሥሩ ላይ ይጻፍ እንጂ። «ስልኩ ራሱ እኮ ኤዲት አድርጎ ነው የሚያወጣው» የሚለው ክርክር ግን ያስጨንቀኛል፣ እውነት አለበትና። ብዙ ስልኮች ገና ስታነሱ በርካታ ፍሬም ያዋህዳሉ፣ ቆዳም ያለሰልሳሉ። ቢያንስ ቆዳ ማሳመሪያውን ከማንሳታችሁ በፊት አጥፉት። የቀረው ላይ ተነጋግረን እንወስን።

ጢስ ዓባይን በየካቲት ከነገጠጠው ዓለቱ ያነሳ ልጅም ነበረን። ዓለቱ ላይ የቀረው የውሃ ምልክት፣ ከታች ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች፣ ሁሉም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ደረጃ ውስጥ አልገባም። ዳኛው «ውሃ የለውም» ነው ያሉት።

በሚቀጥለው ስብሰባችን ሐሳቡን አቀርባለሁ። የአዴቷን እናት ሁለቱንም ፎቶዎች ይዤ እመጣለሁ።