«ልጁ ምን ይሠራል?» «አሜሪካ ነው!»

ደሴ ላይ ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ አባት «ልጁ ምን ይሠራል?» ይላል። «አሜሪካ ነው» ይባላል። ስለ ሥራ ተጠይቆ አገር ይነገራል፤ አባትም ረክቶ ዝም ይላል። ከቤሩት ወይም ከጂዳ የተመለሰች ልጅ ስትታጭ ግን «ዓረብ አገር ነበረች» የሚባለው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። እሱም እዚያ ፎቅ ያጸዳ ይሆናል፣ እሷም አጽድታለች።

ስለ ዲያስፖራ ሙሽራ ኮሜዲ የሚጽፍ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ተማሪ ከዚህ ቢነሳ ይሻለዋል። ጥቁር መነጽርና ኮልታፋ አማርኛ አምስት ደቂቃ ያስቃሉ፣ ከዚያ ያልቅባቸዋል። ውጭ ያደጉ ልጆች በየኮሌጃቸው ተመሳሳይ ኮሜዲ ሲሠሩ የሚስቁት «የኛ ሰው አግቢ» በሚሉ እናቶች ላይ ነው። ፓስፖርቱ ኪሳቸው ስላለ ጨዋታው ውስጥ አይገባም። እኛ ጋ ደግሞ ሁሉም የሚያወራው ስለ ወረቀቱ ነው፤ አሠራሩ ግን መድረክ ላይ ብዙም አይታይም።

አሠራሩ ራሱ ኮሜዲ ነው። የአሜሪካ ዜጋ እጮኛውን በእጮኛ ቪዛ ለመውሰድ፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውን ማስረዳት አለበት። እሷ እዚያ ከገባች በኋላ በ90 ቀን ውስጥ መጋባት ግድ ነው። እንግዲህ ለጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ሰዓት ቆጣሪ ከየት ይመጣል? አማት ከደሴ እየደወለች «ድግሱን ለጥር እናድርገው» ስትል ሙሽራው ቀን ይቆጥራል።

ሽምግልናውና የኤምባሲው ቃለ መጠይቅ በአንድ ጠረጴዛ ይሠሩ። ጥያቄው ያው ነው፦ የት ተዋወቃችሁ፣ ቤተሰቡን ታውቂያለሽ? በመጀመሪያው ቆመው የሚለምኑት የእሱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ በሁለተኛው መስታወት ፊት የምትቆመው እሷ ናት፣ ፎቶና የስልክ ጥሪ ዝርዝር አንጠልጥላ። ጠረጴዛው ሳይነሳ ቦታ ከተለዋወጡ ተመልካች ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ሙሽራው ፈረንጅ ከሆነ ደግሞ በክርስቲያኑ ቤት ሰባት ቤት የሚቆጥሩት አዛውንት ሥራ ይፈታሉ። እስላምና ክርስቲያን በተጋባበት ወሎ የሃይማኖቱ ቀልድ ብዙም አይነሳም፤ «የአያቱ አባት ማን ይባላል?» ተብሎ ሰውዬው ስልኩን ሲፈልግ ግን አዳራሹ ይፈርሳል።

የቪዲዮ ጥሪውን በፕሮጀክተር ማሳየት አያዋጣም፦ መብራት ከጠፋ ትዕይንቱ ይሞታል፣ ቢኖርም ቀድሞ የተቀረጸ ተዋናይ ሳቁ እስኪያልፍ መጠበቅ አይችልም። ደዋዩን ባዶ የእንጨት ፍሬም ውስጥ ማቆም በቂ ነው። ኔትዎርክ ሲቆራረጥ አፉን እንደከፈተ ይድረቅ፤ «መስመሩ ተቆረጠ» ብሎ መናገር አያስፈልግም።

መጨረሻውን ብዙዎች የሚያበላሹት በሠርግ ስለሚዘጉት ነው። ከጋብቻው በኋላ የምታገኘው የመኖሪያ ፈቃድ ለ2 ዓመት ብቻ የሚያገለግል ሁኔታዊ ወረቀት ነው፤ ለማጽናት በመደበኛው ሁለቱም አብረው ያመለክታሉ። ባልየው ፊርማውን እንደ ጅራፍ ሲያወዛውዘው ሁለተኛው ገቢር ይጀምራል። በፍቺ ወይም በጥቃት ምክንያት ለብቻ ማመልከት እንደሚቻል ሙሽሪት አታውቅም። ይህን የምትነግራት በሽምግልናው ቀን ጓዳ የተደበቀችው፣ ቤሩት ሳለች ፓስፖርቷን ማዳም ቆልፋባት የኖረችው አክስቷ ትሁን፤ ያውም በዚያው የእንጨት ፍሬም ውስጥ ቆማ፣ ቡና እያፈላች።