ለሕፃኑ የራሱ መጥበሻ ይገዛለት

ሁዳዴ ሲገባ እንቁላል ይረክሳል። በጾም ወራት ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። የሚገርመው፣ ዋጋው በወረደበት በዚያው ወቅት ጥርስ ማብቀል የጀመረው ሕፃን እንቁላል አያገኝም። 55 ቀን ሙሉ የሽሮ ፍትፍት፣ አጥሚት፣ ድንች።

ቤተ ክርስቲያን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አትለውም። እናቱም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ከስድስተኛው ወር በኋላ እንቁላልና ወተት እንደሚያስፈልገው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ነግራታለች፤ ፖስተሩም ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ታዲያ ምን ያዛት? ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት ስጠይቃት መልሷ አጭር ነበር፦ «መጥበሻው እኮ አንድ ነው።»

በቅበላ ማግስት የቤቱ ዕቃ በሙቅ ውሃና በአመድ ታሽቶ ይታጠባል። ከዚያ በኋላ እንቁላል የተጠበሰባት መጥበሻ የቤተሰቡን ጾም ታስገድፋለች። ደግማ ብትታጠብስ? ልብ አይቀበለውም።

ይህን ኋላቀርነት ነው የሚል ባለሙያ ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ሮዚንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ከጀርም የጸዳ የሞተ በረሮ ጭማቂ ውስጥ ተነክሮ ወጣ፤ ሰዎቹ በረሮው የጸዳ መሆኑ ተነግሯቸውም ጭማቂውን የመጠጣት ፍላጎታቸው ክፉኛ ወረደ። እንቁላልን ከበረሮ ማነጻጸሬ አይደለም፤ አንዴ የነካ ነገር አይለቅም የሚለው ስሜት ግን የተማረውም ያልተማረውም ሰው ስሜት ነው። ፖስተር አይፍቀውም።

ሽታውም አለ። አራት አምስት ተከራይ በሚኖርበት ግቢ በሁዳዴ ጠዋት የእንቁላል ጥብስ ከሸተተ ጎረቤት ምን ይላል? እናትየዋ «ለልጁ ነው» እያለች በየበሩ አትዞርም። ይሉኝታ ያሸንፋታል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶ ያህሉ ቀንጭረዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 37 በመቶ ነበር። ጤፍና በቆሎ የሚታፈስበት ጎጃምም፣ ዓሣ የሚወጣበት ጣናም ያሉት እዚሁ ክልል ውስጥ ነው። (ዓሣውማ የራሱ ጣጣ አለው፤ አምባዛን ቅርፊት የለውም ብሎ ብዙ ምእመን በፍስክም አይቀርበውም፣ ቆሮሶው ደግሞ ለሆቴልና ለአዲስ አበባ ይጫናል።) መቀንጨርን ሁሉ በጾም ማሳበብ ግፍ ነው፤ ድህነቱ፣ ንጹሕ ውሃ ማጣቱ፣ ተቅማጡ አለ። ነገር ግን ዶሮ እያረባች እንቁላሉን ለገበያ የምታወጣ እናት ለልጇ አንድ ያጣችው በድህነት ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ የቤት እመቤቶች ልብና ኩላሊት የመሳሰለውን የሆድ ዕቃ እንዲያበስሉ ተፈልጎ ነበር። እነርሱም ይጸየፉታል። ኩርት ሌዊን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ግማሾቹን ትምህርት እንዲሰሙ፣ ግማሾቹን ደግሞ እርስ በርስ ተወያይተው እንዲወስኑ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1943 ይፋ በሆነው ውጤት ትምህርቱን ብቻ ከሰሙት ምግቡን ሠርተው ያቀረቡት 3 በመቶ ሲሆኑ፣ ከተወያዩት ግን 32 በመቶ ነበሩ። ነውር የነበረው ነገር እዚያው ቁጭ ብለው ሲስማሙበት ነውርነቱ ቀለለ።

እኛ ዘንድ ለዚህ አዲስ መድረክ መፍጠር አያስፈልግም፤ ቡናው አለ። ባለሙያዋ ስለ ቫይታሚን ማስተማሯን ለጊዜው ትታ፣ ሁዳዴ ሳይገባ የግቢው ሴቶች ቡና ላይ ትቀመጥ። የንስሐ አባትም ይጠሩ፤ «ለሕፃኑ አብስዪ፣ ጾምሽ አይገደፍም» የሚለው ቃል ከእርሳቸው አፍ ሲወጣ ይለያል። ከዚያ ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፦ የልጁ መጥበሻ ለብቻዋ የት ትሰቀል? ሁሉም ከተስማሙበት በሁዳዴ የሚሸተው ጥብስ የማን እንደሆነ ግቢው ያውቃል። መጥበሻ መግዛት ያቃታት ደግሞ በንጹሕ ጣሳ ትቀቅልለት፤ የተቀቀለ እንቁላል እስከ ጎረቤት አይሸትም።