የ2015 ዓ.ም. ዓለም ምን ነገረን? እኛስ ምን ሰማን?

ወገኖቼ፣ የዓለምን ወሬ በመከታተል የሚበልጠን ያለ አይመስለኝም። ካርቱም ውስጥ የትኛው ጄኔራል የትኛውን ድልድይ እንደያዘ፣ ቱርክ ውስጥ ከፍርስራሽ ሥር ስንት አስከሬን እንደወጣ ከስልካችን ላይ አንብበን ለጎረቤት እስክንነግር ደቂቃ አይፈጅብንም። ይሁን እንጂ 2015 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ያሳየንን ሁሉ የተቀበልነው እንደ ኳስ ጨዋታ ነው፤ ደጋፊ ሆነን ተከራከርን፣ ቁጥሩን ያዝን፣ ተበታተንን። በዚያ ዓመት ከደረሱት መከራዎች ብዙዎቹ ግን ሰው ሳያስበው ከሰማይ የወረዱ አልነበሩም። አስቀድሞ የተናገረ ነበረ፣ የጻፈ ነበረ፣ ሰሚ ግን አልተገኘም። ማን ተናገረ፣ ማንስ ሳይሰማው ቀረ ብለን ሳንጠይቅ ማለፋችን ነው ዛሬ የሚያስወቅሰን።

የሱዳኑ ጦርነት የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን፣ እኛ ለፋሲካ ስንሰናዳ፣ በቀዳም ሥዑር ነበር። የሱዳን መከላከያ አዛዥ ጄኔራል አብዱልፈታህ አል ቡርሃንና በቅጽል ስሙ ሄሜቲ የሚባለው የፈጥኖ ደራሹ ጦር አዛዥ መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሲቪሎቹን ከሥልጣን አብረው ያስወገዱ ሰዎች ናቸው። የተጣሉበትም ጉዳይ ምስጢር አልነበረም፤ ፈጥኖ ደራሹ ወደ መከላከያው የሚቀላቀለው በሁለት ዓመት ነው ወይስ በአሥር የሚለው ክርክር በአደባባይ ሲካሄድ ሰንብቷል። እኛ ግን ምን አደረግን? ከሱዳን ጋር የምንወዛገብበትን የድንበር መሬት፣ አልፋሽቃን፣ እያነሳ «የእጃቸውን አገኙ» ያለ ከመካከላችን ጥቂት አልነበረም። ያን ጊዜ ከትግራዩ ጦርነት ሸሽተው ምሥራቅ ሱዳን የተጠለሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን እዚያው እንደነበሩ እንኳ ያስታወሰ ጥቂት ነው። ዓመቱም ሳይወጣ፣ ሐምሌ 28 ቀን፣ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመተማ ዮሐንስ በኩል የገቡት የሱዳን ስደተኞችም ከአንዱ ጦርነት አምልጠው በሌላው መካከል ተገኙ። በጎረቤት እሳት መሳቃችን ከወንጀል ባይቆጠር እንኳ ከአላዋቂነት የሚቆጠር ነው፤ ሁለት የታጠቁ ኃይሎች በአንድ አገር ውስጥ ሲፋጠጡ ምን እንደሚከተል ከእኛ የበለጠ ማን ሊያውቅ ነበር?

ወደ ቱርክ እንለፍ። ጥር 29 ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ በመጠን 7.8 የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ ደቡባዊ ቱርክንና ሰሜናዊ ሶርያን መታ፤ በቱርክ ብቻ ከ53,000 በላይ ሰው አለቀ። አገሪቱ ጥሩ የሕንፃ ሕግ ነበራት። ሕጉን የበላው ግን ይቅርታው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ምርጫ ሲቃረብ፣ ያለ ፈቃድ የሠራ ወይም ከፈቃዱ ውጭ ፎቅ የጨመረ ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ ሕጋዊ እንዲሆን ተፈቀደ፤ ባለሙያዎች ይህ ሰው ይጨርሳል ቢሉም የሰማቸው አልነበረም። ከአደጋው በኋላ በተደረገው ምርመራ ምድር ቤቱን ለሱቅ ለማስፋት ኮለን (የሕንፃውን ምሰሶ) የቆረጡ ባለንብረቶች ሳይቀሩ ተገኝተዋል። በካህራማንማራሽ ከተማ ደግሞ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ዙሪያው ሁሉ ፍርስራሽ ሆኖ እርሱ ብቻውን ቆሞ ታየ። እንዴት መገንባት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ለራሱ ሲገነባ ቤቱ እንደማይወድቅ ከዚያ ፎቶግራፍ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

አሁን ወደ ራሳችሁ ተመለሱ። አዲስ አበባ ያለችው ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲርድ ንዝረቱ እዚህ ድረስ ተሰምቶ፣ ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ በሌሊት ደጅ ወጥቶ ነበር። ሲነጋ ግን ወደ ቤቱ የተመለሰው ምንም ሳይጠይቅ ነው። የሕንፃ አዋጅ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን አለ። የስታፋውን (ፌሮውን የሚያቅፈውን የብረት ቀለበት) ርቀት አሰፋፍቶ ፌሮ የሚቆጥበው፣ ሲሚንቶ ቀንሶ አርማታ የሚሞላው፣ ሥራው ቦታ ሳይደርስ ቢሮው ተቀምጦ የሚፈርመው ተቆጣጣሪ ግን የውጭ ጠላት አይደለም፤ ወንድማችን ነው፣ ሠርግ ላይ አብረነው የምንቀመጥ ሰው ነው። «ምን ያድርግ፣ ኑሮ ነው» እያልን የምንሸፍነውም እኛው ነን።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚከብደው ግን የሊቢያዋ ደርና ነገር ነው። ጳጉሜ 5 ለ6 አጥቢያ፣ እኛ እንቁጣጣሽን ስንጠብቅ፣ ዳንኤል የተባለው ማዕበል ያመጣው ዝናብ ከከተማይቱ በላይ የነበሩትን ሁለት ግድቦች ደረመሰ፤ ከተማይቱን ለሁለት የሚከፍለው ደረቅ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰፈሮችን ከነነዋሪዎቻቸው ጠርጎ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ከተታቸው። የሞቱት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም መቃብር እንኳ አላገኙም። ግድቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩ ነበሩ። መሰነጣጠቃቸው ከታወቀ ዘመናት አልፈው ነበር፤ ለጥገናቸው ከአንድ የቱርክ ኩባንያ ጋር ውል ተፈርሞ ሥራው ቢጀመርም እ.ኤ.አ. በ2011 በተነሳው አብዮት ተቋረጠ፤ ከዚያም በኋላ ለጥገና የተመደበው ገንዘብ ሥራ ላይ አለመዋሉን የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ጽፏል። አደጋው ከመድረሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አንድ የሊቢያ የውኃ ተመራማሪ፣ ግድቦቹ ካልተጠገኑ ከተማይቱ እንደምትጠፋ በሳይንሳዊ ጽሑፉ አስጠንቅቆ ነበር። ማን ያንብበው? በትሪፖሊ አንድ መንግሥት፣ በምሥራቅ ሌላ መንግሥት ነበረ፤ ሁለቱም ስለ ወንበራቸው እንጂ ስለ ሸለቆው የሚያስቡ አልነበሩም። በኋላ አሥራ ሁለት ባለሥልጣናት ተከሰው በእስራት ተቀጡ፤ ደርና ግን አልተመለሰችም።

ይህን «የአረቦች ነገር ነው» ብሎ የሚያልፍ ቢኖር፣ ቆሼን ያስታውስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው በቀበረ ጊዜ፣ ቦታው ሞልቷል፣ ይዘጋ ከተባለ ዓመታት አልፈው ነበር። ሰንዳፋ ላይ የተሠራው አዲሱ ማስወገጃ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃውመውት ሲዘጋ፣ መኪናዎቹ ተመልሰው እዚያው ቆሼ ላይ መድፋት ጀመሩ።

በሰኔ ወር የሆነውንም ላንሳው፣ ባጭሩም ቢሆን። ሰኔ 7 ቀን 750 ያህል ስደተኞችን የጫነች የዓሣ ጀልባ በግሪክ ባሕር ሰጠመች፤ በሕይወት የተረፉት 104 ብቻ ናቸው። ከአራት ቀን በኋላ የሰጠመችውን የታይታኒክ መርከብ ሊጎበኙ በትንሽ ሰርጓጅ የወረዱ አምስት ሰዎች በባሕር ውስጥ ጠፉ፤ ዓለምም፣ እኛም ጭምር፣ ኦክስጅናቸው ስንት ሰዓት እንደቀረው ስንቆጥር ሰነበትን።

በዚሁ ዓመት ነሐሴ 15 ቀን የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂውማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ፣ የሳዑዲ ዓረቢያ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በከባድ መሣሪያና በቅርብ ተኩስ እንደገደሉ ገለጸ፤ ከተረፉት አንዳንዶቹ «የትኛውን እግርህን እንምታ?» ተብለው መጠየቃቸውንም አስፍሯል። ሪያድ ክሱን አስተባበለች፤ አዲስ አበባም ከሳዑዲ ጋር ሆና እንደምታጣራ አስታወቀች። እኛስ? ለታይታኒክ ጎብኚዎች ያነባነውን ያህል እንኳ አላነባንም። ሟቾቹ የእኛው መንደር ልጆች መሆናቸውን፣ ለመንገዳቸው የከፈልነውም በሬ ሸጠን፣ ዕቁብ አስቀድመን፣ ከዘመድ ተበድረን መሆኑን እያወቅን ዝም አልን።

ስለዚህ በየገጠሩና በየከተማው ያላችሁ ወላጆችና ታላላቅ ወንድሞች ሆይ፣ ደላላው የማን ልጅ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ለቅሶ ላይም ታገኙታላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ «መንገዱ ተከፍቷል» ብሎ ሲመጣ፣ ከእርሱ ጋር ዋጋ ከመደራደራችሁ በፊት ባለፈው ጊዜ የወሰዳቸውን ልጆች በየስማቸው እየጠራችሁ የት እንዳደረሳቸው በእድሩ ፊት ጠይቁት።